የካርቱን ቤተሰብ ሲመለስ የሚበላሹ ነገሮች፦ ከምልክት እስከ መፍትሄ

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሁለት ወጣቶች ላፕቶፕ ይዘው መጡ። አንደኛው የሰፈሬ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ አንዴ ይቺን ይዩልንና እውነቱን ይንገሩን" አለኝ። እንጀራዬ ለዱቢንግ፣ ማለትም የውጭ ፊልም በአማርኛ ድምፅ ሲተካ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ማዘጋጀት ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠፋም።

ያሳዩኝ የቤተሰብ ኮሜዲ ነው፤ በካርቱን። አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅ፣ አንድ ነገረኛ ጎረቤት። የሰፈሬ ልጅ አጎት ከ15 ዓመት በፊት ጀምሮት ጥቂት ክፍሎች ሠርቶ የተወው ነው። ያኔ በሲዲ ከእጅ እጅ እየዞረ የሰፈሩን ሰው አስቆታል። አሁን ልጆቹ ሊመልሱት ነው። ስዕሉ ያምራል፣ ቀለሙም ያምራል። ግን አልሳቅኩም። ቀና ብዬ ሳይ እነሱም አልሳቁም።

ጥሩ መካኒክ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት "ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል?" ብሎ ይጠይቃል። እኛም ከምልክቱ ጀመርን።

ምልክት፦ የድሮው ተመልካች "እንደ ድሮው አይደለም" ይላል፣ አዲሱ ደግሞ "ቸከ" ይላል

ሁለቱ ቅሬታዎች አብረው ከመጡ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የጊዜ ጉዳይ። ልጆቹ ለአባትየው አዲስ ስልክ አስይዘውታል። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ፍላት ስክሪን ሰቅለዋል። ሰዎቹ ግን ከ15 ዓመት በፊት የተዋቸው ቦታ ላይ ቆመዋል። ዕቃው ተቀየረ፣ ቤቱ አልተነቃነቀም። የድሮው ተመልካች ዕቃው ይረብሸዋል። አዲሱ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ለምን እንደሚጨቃጨቁ የነገረው የለም።

ከዚህ መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ጊዜን ጨርሶ ማቆም ነው። የአሜሪካው የቤተሰብ ካርቱን "ዘ ሲምፕሰንስ" እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ሲጀምር የቤቱ ልጅ ባርት 10 ዓመቱ ነበር፤ ዛሬም 10 ዓመቱ ነው። ይሄ የሚያዋጣው ግን ሳይቋረጥ ለቆየ ቤት ነው። ተመልካቹ በየዓመቱ አብሯቸው ስላለ አለማርጀታቸውን ለምዶታል። ለ15 ዓመት ጠፍቶ "ምንም አልሆነም" ብሎ የሚመለስን ሰው ግን ማንም አያምነውም።

ሁለተኛው የጊዜን ዕዳ መክፈል ነው። ሌላውን የአሜሪካ የቤተሰብ ካርቱን "ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል"ን ተመልከቱ። ማይክ ጃጅና ግሬግ ዳንኤልስ የፈጠሩት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፎክስ ቴሌቪዥን 13 ሲዝን ሄዶ በ2010 ቆመ። በነሐሴ 2025 ሁሉ (Hulu) በሚባለው የኢንተርኔት ማሰራጫ ሲመለስ ጊዜ እንዳለፈ አልደበቀም። ያ ሁሉም የሚያውቀው ልጅ፣ ቦቢ፣ 21 ዓመት ሞልቶት ዳላስ ውስጥ ሼፍ ሆኗል። አባትየው ሃንክ፣ የፕሮፔን ጋዝ ሰው፣ ከሚስቱ ከፔጊ ጋር ለዓመታት ሳዑዲ አረቢያ ሠርቶ፣ ጡረታ ወጥቶ ቴክሳስ ወደሚገኘው ቤቱ ይመለሳል።

ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ከሳዑዲ የተመለሰ ሰው ታሪክ ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውማ! ጎረቤቴ 11 ዓመት ጅዳ ኖራ መጣች። ፒያሳ ስትደርስ እንደ ድሮዋ "ዶሮ ማነቂያ ወራጅ አለ" አለች። ረዳቱ ዞሮ አያት። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም ፈርሷል። ወርዳ ቆመች። አላለቀሰችም፣ ንግግርም አላደረገችም። ብቻ "ታዲያ ሰዎቹ የት ገቡ?" አለች።

እስቲ ይህን ለካርቱን አስቡት። የድሮው ተመልካች ከእሷ ጋር ይደነግጣል፤ የድሮውን ያውቀዋላ። አዲሱ ተመልካችም ከእሷ ጋር ይገባል፤ ለእሱም ሁሉም ነገር አዲስ ነው። አንድ ተመላሽ ገጸ ባሕሪ ሁለቱንም ተመልካች በአንድ በር ያስገባል።

ስለዚህ ለልጆቹ ያልኳቸው ይሄን ነው። ነጭ ወረቀት አምጡ። በእነዚህ 15 ዓመታት እዚህ ቤት ውስጥ ማን ሞተ? ማን አገባ? ማን ሄደ? ማን ከማን ተኳረፈ? ግቢው ፈረሰ ወይስ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው? ሁሉንም ጻፉ። ስክሪፕቱ ውስጥ የሚገባው ግን ሩቡ ብቻ ይሁን። የቀረውን እናንተ ካወቃችሁት በቂ ነው።

ምልክት፦ አባትየው ጨዋ ሆኖ ያርፋል

ይሄኛው ከፍርሃት የሚመጣ በሽታ ነው። ድሮ ግትር የነበረው አባት አሁን ሁሉን ተረድቶ፣ ለልጆቹ ምክር እየሰጠ ይዞራል። ጸሐፊዎቹ "ዛሬ እንዲህ ቢል ሰው ይቆጣል" ብለው ጥርሱን አውልቀውታል። ጥርስ የሌለው ግትር ደግሞ ቀሽም ነው።

መፍትሄው ይሄ ነው፦ አባትየው ይሳሳት፣ ግን ቤቱ ይመልስለት። ሃንክ ዛሬም ወግ አጥባቂ ነው። የሚያስቀው ግራ ያጋባውን ዓለም ለመረዳት ሲታገል ነው። አባትየው አንድ ነገር ብሎ ሲያበቃ ሚስቱ ቡናውን እየቀዳች ቀና ሳትል "እህ" ካለች መልሱ ደርሷል።

ምልክት፦ በእንግሊዝኛ ያስቃል፣ በአማርኛ ይሞታል

ይሄ የራሴ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የውጭ ካርቱን ለምትመልሱም ሆነ የራሳችሁን ለምትጽፉ ይጠቅማል።

አንደኛው ምክንያት አጠራር ነው። እንግሊዝኛው አባቱንም ውሻውንም በአንድ ቃል፣ "ዩ" ብሎ፣ ይጠራል። እኛ ጋ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ አለ። ልጁ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ጎረቤቱን "አንተ" ካለ ቀልዱን ገና ሳትጀምሩ በልታችሁታል። ሲዝኑን ሙሉ "ጋሼ፣ እርስዎ" ሲል ከርሞ አንድ ቀን ምሳ ላይ "አንተ ደግሞ!" ብሎ ቢያመልጠው ግን ማንኪያ ከእጅ ይወድቃል። ይህን ደግሞ ማንም ስክሪፕት ጸሐፊ ከእንግሊዝኛው ሊያገኘው አይችልም፤ የእኛ ሀብት ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር በፊት ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ጻፉ። እናት ባሏን በስሙ ነው የምትጠራው ወይስ "የአቢ አባት" ትለዋለች? ጎረቤትየው ፀብ ከሌለ "እትዬ"፣ ፀብ ካለ "ስሚ አንቺ ሴትዮ" ይላታል? ከዚያ 15 ዓመት ጨምሩበት። ያ ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። "ጋሼ" ማለቱን ተወ? ጎረቤትየውስ "አንተ ውርጋጥ" ይለው የነበረውን ልጅ አሁን ደሞዝተኛ ሲሆን "አንቱ" ማለት ጀመረ? እንደዚያ ካለ 15 ዓመት እንዳለፈ ተመልካቹ ገባው። "ከብዙ ዓመታት በኋላ" የሚል ጽሑፍ ስክሪን ላይ ማውጣት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት የግስ ቦታ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ይመጣል። ካርቱኑ ላይ ደግሞ የሚያስቀው ቃል እንደወጣ የአድማጩ ፊት ይታያል፤ ዓይኑ ይፈጣል፣ አፉ ይከፈታል። የእኛ ተናጋሪ ግን ገና ግሱ ጋ አልደረሰም። ፊቱ ሳቀ፣ ቀልዱ ገና መንገድ ላይ ነው። ብዙ ዱቢንግ "ለምን እንደሆነ አላውቅም ግን አያስቅም" የሚባለው በዚች ግማሽ ሰከንድ ነው።

መድኃኒቱ ሰፈር ውስጥ አለ። ሰው ሲያወራ እንደ መጽሐፍ አያወራም። "ያ ሰውዬ ደግሞ መጣ" አይልም፤ "መጣልህ ደግሞ፣ ያ ሰውዬ!" ይላል። ግሱን አስቀድሙት፤ የሚያስቀው ስም መጨረሻ ላይ ይውደቅ። ስለ ከንፈር ብዙ አትጨነቁ። ካርቱን አፉ ጥቂት ቅርፆች ብቻ ስላሉት ከሰው ፊልም የበለጠ ይቅር ይላል። ይቅር የማይለው አፉ ከተዘጋ በኋላ የሚቀጥል ድምፅ ነው።

ምልክት፦ "ድምፁ እሱ አይደለም"

እውነት ነው፣ አይደለም። ሰው ያረጃል፣ ይሞታል። "ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል" ላይ የሃንክ ጎረቤት የዴል ድምፅ የነበረው ጆኒ ሃርድዊክ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲሞት የተወሰኑ አዳዲስ ክፍሎችን ቀርጾ ነበር። የተተካው በቶቢ ሃስ ነው። ሃስ እንግዳ አልነበረም፤ በድሮዎቹ ክፍሎች የሃንክን አባት የኮተንን ድምፅ ይሠራ ነበር። ከቤቱ ሰው ወሰዱ ማለት ነው።

የሚያስመስል አትፈልጉ። የሚያስመስል ሰው ድምፁን ይይዝና ትንፋሹን ይስታል። የት ላይ እንደሚቆም፣ ሲናደድ ቶሎ ይላል ወይስ ይዘገያል፣ እሱን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ልጆቹ የአባትየውን ድምፅ የሠራውን ሰው ማግኘት አልቻሉም ነበር። አጎትየው ራሱ ሞከረው። ወፈር ያለ ነው፣ ግን አቋረጡ ላይ አንዲት ነገር አልሳተም።

ምልክት፦ የሰው ጭንቅላት ተቆርጧል

የድሮ ካርቱን ስክሪኑ ጠበብ ያለ ነው፣ 4 በ3። የዛሬው 16 በ9። አንዳንዱ "ጥቁሩ ጠርዝ ያስጠላል" ብሎ ከላይና ከታች ይቆርጠዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጎትቶ ሁሉንም ሰው ያወፍረዋል። የዲዝኒ የኢንተርኔት ማሰራጫ፣ ዲዝኒ ፕላስ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀምር የድሮዎቹን "ሲምፕሰንስ" ቆርጦ አቀረበ። አንድ ትዕይንት ላይ ሦስት ዓይነት ቢራ ሲቀዳ ይታያል፤ ቀልዱ ሦስቱም ከላይ ከአንድ ቧንቧ መምጣታቸው ነው። ቧንቧው ተቆረጠ፣ ቀልዱም አብሮ ሄደ። ተመልካቹ ጮኸ፤ በ2020 የድሮውን ቅርጽ የመምረጥ ዕድል ሰጡት። ጥቁሩን ጠርዝ ተዉት።

ምልክት፦ ክፍሉ ሲወጣ ቀልዱ ሻግቷል

ካርቱን ለመሥራት ወራት ይፈጃል። ዛሬ ቲክቶክ ላይ ሰው ሁሉ የሚለውን አባባል ስክሪፕት ውስጥ ብትከቱ ስዕሉ ሲያልቅ ሰው ረስቶታል፤ ይባስ ብሎ ያፍርበታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሏል። የአሜሪካው ካርቱን "ሳውዝ ፓርክ" የሳምንቱን ወሬ ሊነካ የሚችለው አንድ ክፍል በስድስት ቀን ስለሚጨርስ ነው። ሁለት ልጆችና አንድ ላፕቶፕ ያንን አይችሉም። አባትየው ሒሳብ ሲከፍል ሁልጊዜ ኪሱን የሚሳሳት ከሆነ ይሄ አይሻግትም።

ምልክት፦ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ከዚያ ጠበቃ ይደውላል

"አጎቴ ነው እኮ" በቂ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሥራውን ፈጣሪ መብት ይጠብቃል። አጎትየው ብቻውን ነው የሠራው ወይስ የሳለለት ጓደኛ ነበር? ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ ፊርማ ይኑረው። ከዘመድ ጋር የሚደረግ ውል ነው ይበልጥ መጻፍ ያለበት።

ምልክት፦ ቀረጻው ውስጥ ቁፋሮ ይሰማል

ምክንያቱን ማንም የፒያሳ ሰው ያውቀዋል። የቀረጹት ከመንገድ ዳር ባለ አንድ ፎቅ ላይ፣ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል ነው። ጠዋት ከጊዮርጊስ የቅዳሴ ድምፅ ይገባል። ቀን ማሽኑ ይቆፍራል። ማታ ሲሉ መብራት ይሄዳል። ብርድ ልብሱን ደራርቡት፣ ማይኩን ወደ አፍ አስጠጉ፣ ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፣ በየመስመሩ ሴቭ አድርጉ። ከዚህ ሌላ ብልሃት የለኝም።

ልጆቹ ስክሪፕቱን እንደገና ጻፉት። ሴት ልጅየዋ ከጅዳ ትመለሳለች፤ ግቢው አጠገብ ያለው ሰፈር ፈርሷል። የመጀመሪያውን ክፍል ሲቀርጹ አጎትየው መሃል ላይ ሳለ ማሽኑ ጀመረ። ሦስቴ ደገሙት፣ ሦስቴም ማሽኑ ገባ። በአራተኛው አጎትየው ስክሪፕቱን ጥሎ በአባትየው ድምፅ "ዝጊው ያንን መስኮት!" ብሎ ጮኸ። ማይኩ አጠገብ የቆመችው፣ የሴት ልጅየዋን ድምፅ የምትሠራው ልጅ ደግሞ እንደ ገጸ ባሕሪዋ ሆና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አባዬ፣ መስኮቱ ዝግ ነው" አለችው።

አልቆረጡትም። ማሽኑም አለ።