አሮጌ ባለ ሁለት ገንዳ ልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዴት ተመርጦ ይገዛል፣ እንዴትስ ይታደሳል?

ባለ ሁለት ገንዳ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በገበያው «ማንዋል» ወይም «ሴሚ አውቶማቲክ» የሚባለው፣ በአንድ ወገን ማጠቢያ በሌላው ወገን መጭመቂያ ያለው ማሽን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሙሉ አውቶማቲኩ የተሻለ የሚያገለግለው እርሱ ነው፤ የቧንቧ ግፊት አይጠይቅም፣ ከበርሜል በባልዲ እየተቀዳ ይሞላል፣ የሳሙናውን ውሃ ሳይደፉም መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ቀለም ያለውን፣ በመጨረሻ የሥራ ልብሱን በየተራ ለማጠብ ያስችላል። ኤሌክትሮኒክ ካርድ ስለሌለው ብዙ ዓመት ያገለገለ ማሽን እንኳ በጥቂት መለዋወጫ ሊነሣ ይችላል። የሚነሣውን ከማይነሣው መለየት ግን ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹን ለቆራሌው የሚዳርጋቸው በመጭመቂያው ገንዳ ሥር ያለችው ላስቲክ ናት ብዬ አምናለሁ። ላስቲኳ ስትቀደድ ውሃው በቀጥታ ከሥሯ ባለው ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል፤ ገዢው ሞተሩን አስጠቅልሎ ላስቲኳን ሳይነካ መልሶ ይገጥመዋል፤ አዲሱ ጥቅልልም በዚያው ውሃ ይቃጠላል። ስለዚህ ከታች ያለውን ሲያነቡ ሌላውን ሁሉ በጥድፊያ ቢያልፉ እንኳ ስለ ላስቲኳ የተጻፈውን በጥሞና ይመልከቱት።

ሲገዙ የሚታይ

ከሁሉ በፊት በጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወይም የተመታውን የመረጃ ሰሌዳ ያንብቡ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመላሾች ይዘዋቸው የገቡ አሮጌ ማሽኖች ግን 127 ወይም 110 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያች አገር ለረጅም ዘመን በቤቶች ውስጥ 127 ቮልት ስትጠቀም ኖራለችና። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት 100 ቮልት፣ ከአሜሪካ የሚመጡት ደግሞ 120 ቮልት ናቸው። ሻጩ «ትራንስፎርመር ታደርግበታለህ» ቢልዎ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን እንደማይለውጥ ያስታውሱ፤ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ሄርዝ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ቀንሶ ይዞራል፣ ከመጠን በላይም ይግላል። እንዲህ ያለውን ማሽን በነጻም ቢሆን ባይወስዱት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የኋላውን ክዳን አስፈትተው በስልክዎ መብራት የመጭመቂያውን ሞተር ከላይ ይመልከቱ። በሞተሩ ላይ ወደ ታች የወረደ የዝገት መስመር ወይም የደረቀ ነጭ የሳሙና እድፍ ካለ ላስቲኳ አፍስሳለች ማለት ነው። ይህ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ ማሽኑን አያስጥልም። የሚያስጥለው የፕላስቲኩ ገንዳ መሰንጠቅ ነው፤ በሙጫም ሆነ በጋለ ብረት የተደፈነ ስንጥቅ በንዝረት መልሶ ይከፈታል። የብረት አካሉ ከታች በኩል በዝገት ተበልቶ እግሮቹ የሚይዙት ነገር ካጡም ይተዉት። ላይ ላዩን የዛገው ግን በሽቦ ብሩሽና በፀረ ዝገት ቀለም ይድናል።

ሦስተኛ፣ ባዶውን መጭመቂያ በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። በትንሹ መወዛወዙ ከሥሩ ያሉት ሞላዎች ጠባይ ነው፤ ነገር ግን ቅርጫቱ ሲዞር አፉ ግራና ቀኝ እየሳበ ክቡን ካልጠበቀ ዘንጉ ጎብጧል። ከዚያ መብራት ሰክተው ያስነሡትና ክዳኑን ይክፈቱ፤ ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ ቅርጫቱ በጥቂት ሰከንድ ይቆማል። ምን አለሽ ተራ ሲገዙ በውሃ የመሞከር ዕድል ስለማይኖር፣ እንደ እኔ ከሆነ ዕቃቸውን ሸጠው ከአገር ከሚወጡ ቤተሰቦች እቤታቸው ሄዶ፣ ማሽኑ ውሃ ሞልቶ ሲሠራ አይቶ መግዛት ጥቂት ብር ቢጨምርም ያዋጣል። እነ ናሽናል፣ ሳንዮ፣ ቶሺባና ሂታቺ የሚል ስም ያለባቸውን የቀድሞ ማሽኖች ሰው የሚፈልጋቸው በጥንካሬያቸው ነው፤ ሆኖም ስሙ ብቻ ላስቲክ አያድስም።

ሲያጓጉዙ ማሽኑን ቁልቁል አያጋድሙት። የመጭመቂያው ሞተር በሦስት ሞላዎች ላይ የቆመ ስለሆነ በቅርጫቱና በገንዳው መካከል ብርድ ልብስ ጠቅጥቀው አቁመው ይጫኑት።

ከመፍታት በፊት

ሶኬቱን ይንቀሉ። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ከሞተሮቹ ጋር የተያያዙት ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ ኃይል ይይዛሉ። ብዙ ሠራተኞች ጫፎቹን በካቻቢቴ አገናኝተው ያስጮኹታል፤ ብልጭታው ካፓሲተሩንም ዓይንንም ስለሚጎዳ፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበትን የ220 ቮልት የድሮ ክር አምፖል በጫፎቹ ላይ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ የተሻለ ነው። ከዚያ የሽቦዎቹን ቀለምና አያያዝ ከተለያየ አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ። የመሣሪያው ዝርዝር አጭር ነው፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 8 እና 10 ቁጥር ኪያቤ፣ ቴስተር፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና የሲሊኮን ግራሶ።

የመጭመቂያውን ላስቲክ መቀየር

ቅርጫቱን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ከገንዳው ሥር፣ በፍሬኑ ከበሮ ላይ ያለው መጋጠሚያ ነው። በጎኑ ቡሎን አለ፤ ቡሎኑ እንዳይፈታ ደግሞ ዳዶ ታስሮበታል። መጀመሪያ ዳዶውን፣ ከዚያ ቡሎኑን ይፍቱ። ለዓመታት ውሃ ሲንጠባጠብበት የኖረ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዝገት ተይዟል። ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ፣ ከጠፋም ነጭ ጋዝ ነክረው ያሳድሩት፤ በማግስቱ መልሰው ይንከሩትና ከዚያ ይሞክሩ። የቡሎኑን ራስ በፒንሳ ይዞ መታገል ራሱን ያሟልጨዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ መሰርሰር ብቻ ነው።

ቡሎኑ ከወጣ በኋላ ቅርጫቱን በሁለት እጅ ይዘው ግራና ቀኝ እያዞሩ ወደ ላይ ይሳቡት። እምቢ ካለ ዘንጉን ከሥር በመዶሻ አይምቱ። የጎበጠ ዘንግ ማሽኑን እስከ መጨረሻው ያናውጠዋል፤ ለሦስት ቀን መጠበቅ ከዚህ ይሻላል።

ቅርጫቱ ሲወጣ ላስቲኳ በገንዳው ወለል መካከል እንደ አኮርዲዮን ታጥፋ ትታያለች። በአንዳንዱ ማሽን በቪቴ በታሰረ ቀለበት ትያዛለች፣ በሌላው ተጭና የገባች ናት። ካወጧት በኋላ አሮጌዋን አይጣሉ፤ መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ የሚወሰደው ናሙና እርሷ ናት። ሦስት ልክ ይነጻጸር፦ ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ በገንዳው የምትቀመጥበት የውጭ ክብ እና ቁመቷ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቁመቷን ነው። አጭር ላስቲክ ሞተሩ በሞላዎቹ ላይ በተወዛወዘ ቁጥር እየተወጠረች ትቀደዳለች፤ ረጅሟ ደግሞ ሞተሩን ከቦታው ትገፋዋለች። ሻጩ «ትገባለች፣ ለስላሳ ናት» ቢል አይስሙት፣ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

አሁን ዘንጉን ጠርገው ላስቲኳ በምትነካበት ቦታ ላይ ጥፍርዎን ወደ ታች ያንሸራትቱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ላስቲክም ውሃ አትይዝም፤ ቶርኖ ቤት ወስደው ስስ ቀለበት ማስለበስ ይኖርብዎታል። ሻካራ ብቻ ከሆነ 600፣ ከዚያም 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ ዙሪያውን ያለስልሱት። ወረቀቱን ሽቅብና ቁልቁል ሳይሆን በክብ ያንቀሳቅሱት፤ ቁመቱን የሄደ ጭረት ለውሃው መንገድ ይሆነዋል።

የላስቲኳን መቀመጫ ከሳሙና ቅርፊት አጽድተው አዲሷን ይግጠሙ፤ ዘንጉን በሚያቅፈው ከንፈሯ ውስጥ የሲሊኮን ግራሶ ይሙሉ። ቫዝሊን ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ አንዳንዱን ላስቲክ ግን አሳብጦ ያበሰብሳል። ሙጫና ሲሊኮን ማሸጊያም በከንፈሩ ላይ አይደረግም፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቦታ ነውና። ቅርጫቱን ሲመልሱ በዘንጉ ላይ ያለው ጎድጓዳ ወይም ጠፍጣፋ ቦታ ከቡሎኑ ፊት ለፊት መዋሉን ያረጋግጡ። ቡሎኑ ጎድጓዳውን ስቶ ክቡ ላይ ከታሰረ ለጥቂት እጥበት የሚይዝ ይመስላል፣ ከዚያ እየተንሸራተተ ዘንጉን ይፍቀዋል። ቡሎኑን አጥብቀው ዳዶውን ያሳስሩበት።

መፈተኛው እንዲህ ነው። ሶኬቱ እንደተነቀለ የመውረጃውን ቱቦ ጫፍ ከገንዳው አፍ በላይ አድርገው ይሰሩትና በመጭመቂያው ገንዳ ላስቲኳን እስኪሸፍን ውሃ ያፍስሱ። ከሞተሩ ላይና ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፈው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ጋዜጣው አንዲት ጠብታ ካገኘ መልሰው ይፍቱ፤ «ትንሽ ናት» የሚባል ፍሳሽ በዚህ ቦታ የለም።

ቀሪው ሥራ

ፍሬኑን እዚያው እያሉ ያስተካክሉ። ክዳኑ ሲዘጋ ሽቦው ተስቦ የፍሬኑ ጫማ ከከበሮው መላቀቅ አለበት፤ ሽቦው ረዝሞ ከላላ ጫማው እየታከከ ሞተሩን ያግለዋል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታም ይመጣል። ከሞላዎቹ አንዱ የደከመ ወይም የተሰበረ ከሆነ ሦስቱንም በአንድነት ይቀይሩ።

ሞተሮቹን በቴስተር ይለኩ። የማጠቢያው ሞተር በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚዞር ከጋራው ሽቦ ወደ ሌሎቹ ሁለቱ የሚገኘው ንባብ እኩል ወይም እጅግ የተቀራረበ መሆን አለበት፤ የመጭመቂያው ሁለት ጥቅልሎች ግን ሊለያዩ ይችላሉ። ከማናቸውም ሽቦ ወደ ሞተሩ አካል ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ሞተሩ ርሶ የነበረ ከሆነ በሜገር (የሽቦውን ሽፋን ጤንነት በሚለካው መሣሪያ) እንዲለካልዎ ሞተር ጠቅላይ ዘንድ ይውሰዱት፤ ተራ ቴስተር የደከመ ሽፋንን ሁልጊዜ አያሳይም። «እም» እያለ የማይነሣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የካፓሲተር ችግር ነው። በላዩ የተጻፈው ማይክሮፋራድ ያው፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ ይሁን። «ከፍ ያለ ማይክሮፋራድ ጉልበት ይሰጣል» የሚሉ አሉ፤ የሚሰጠው ሙቀት ነው።

የማጠቢያውን ሞተር ኃይል ወደ መዘውሩ የሚያስተላልፈው ቺንጋ ከተሰነጠቀ በጀርባው የተጻፈውን ቁጥር ይዘው ይግዙ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪገባ ድረስ ሞተሩን በቡሎኖቹ ላይ አንሸራትተው ይወጥሩት። ከማጠቢያው ወለል ያለውን መዘውር አንዱን ቪቴ ፈትተው ያንሡ፤ ሳንቲም፣ የፀጉር ሽቦና ቁልፍ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። የመውረጃውን ቡሽም አውጥተው ይጠቡ።

የደቂቃ መቁጠሪያው ሲበላሽ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ የሚተኩ ሠራተኞች አሉ። በማጠቢያው በኩል የሞተሩን አቅጣጫ የሚቀያይረው መቁጠሪያው ራሱ ስለሆነ፣ ያለ እርሱ ልብሱ በአንድ ወገን ብቻ እየዞረ ይገመዳል፤ የሚያጠፋው ሰው ከረሳም ሞተሩ ሲሠራ ይውላል። የክዳኑን ማጥፊያ አገናኝቶ መዝጋት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በደቂቃ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ በሚሽከረከር ቅርጫት ውስጥ የገባ እጅ፣ በተለይ የሕፃን እጅ፣ ይሰበራል።

ገንዳውን ከሻጋታ ለማጽዳት አቼቶ ወይም በረኪና ይበቃል፤ ሁለቱን በአንድነት መጠቀም ግን መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ክልክል ነው። የፈላ ውሃ አያፍስሱበት፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ማስነሣት

አካሉ ብረት የሆነ ማሽን ያለ መሬት ሽቦ አይሠራበትም። በብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈትሹ፣ ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ሲያፈስ መብራቱን የሚቆርጥ ብሬከርም ያስገጥሙ። ማሽኑን በእርጥብ እግር ወይም እጅ አይንኩት፣ የማራዘሚያውን ሶኬትም ከወለል ያንሡት።

የመውረጃው ቱቦ ወለል ላይ ተጋድሞ ቁልቁል ይውረድ። ከፍ ካለ ውሃው ተመልሶ በመጭመቂያው ገንዳ ይጠራቀምና ቅርጫቱን ይይዘዋል፣ ሞተሩም ይጨሳል። ለመጭመቅ ልብሱን ዙሪያውን እኩል አድርገው በእጅ ጠቅጥቀው የውስጡን ክዳን ይጫኑበት። ከተንገጫገጨ ወዲያው አጥፍተው ያደላድሉት። በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች መጨረሻ ሁሉ ሶኬቱን ነቅለው፣ የኋላውን ክዳን ከፍተው ጋዜጣውን ከሞተሩ ሥር ይመልከቱ፤ ደረቅ ሆኖ ከሰነበተ ክዳኑን በሁሉም ቪቴዎቹ መልሰው ይሰሩት።