የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራን በሻማና በአሸዋ ማሳየት

ባሕር አይቶ ለማያውቅ የደሴ ተማሪ ባሕር ወለል ላይ ስለሚፈነዳ እሳተ ገሞራ መናገር ሰማይ ላይ ስላለ ነገር ማውራት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከወሎ ደጋ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ አፋር ነው፤ ከአፋር ወዲያ ቀይ ባሕር። ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. የመን ጠረፍ ባሉት የዙቤር ደሴቶች መካከል ከባሕር ሥር የተነሣ ፍንዳታ አዲስ ደሴት አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ እዚያው ሌላ ተጨመረ።

ለማሳያው እሳት የሚችል የ500 ሚሊ ሊትር ቢከር፣ 50 ግራም ያህል ቀይ ሻማ፣ አንድ ሻይ ብርጭቆ የማይሞላ አሸዋ፣ የአልኮል መብራት፣ ባለ ሦስት እግር ማስቀመጫና የዓይን መነጽር ያስፈልጋል። የማርማላታ ጠርሙስ ወይም የመጠጥ ብርጭቆ አትጠቀሙ። ከሥሩ ሲሞቅ ከላይ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ይሰነጠቃል፤ የጋለ ሰም ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል።

ሻማውን ክሩን አውጥታችሁ ከትፉትና ቢከሩ ውስጥ ጨምሩት። የሚቀልጠው በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ነው፤ ሰም በእሳት ላይ ከጋለ ይቀጣጠላል። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ የሻማ ሰም ግን ከ70 በታች ስለሚቀልጥ ይበቃል። ከሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ሲይዝ አውጥታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ተዉት። እዚህ ላይ መቸኮል ብዙ ሙከራ አበላሽቷል፤ ከሥሩ ያልያዘ ሰም ውሃ ሲጨመርበት ተነቅሎ ይንሳፈፋል።

አሸዋው የቦርከናም ሆነ ለግንባታ የሚሸጥ፣ ጭቃ አለበት። የሚደፋው ውሃ ጥርት እስኪል አራት አምስት ጊዜ እጠቡት፤ አለበለዚያ ውሃው ደፍርሶ ምንም አይታይም። ሰሙ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አልብሱት። ከዚያ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ፣ 300 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ በቀጥታ ከፈሰሰ አሸዋውን ይቦረቡረዋል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ የፍሪጅ ውሃ ይሻላል።

መብራቱን ከመሐል ሥር ብቻ አስቀምጡ፤ ነበልባሉ ትንሽ ይሁን። እሳቱ ሥሩን ሁሉ ከሸፈነ ሰሙ በአንድ ጊዜ ቀልጦ አሸዋውን ይገለብጠዋል፣ መውጫ ቀዳዳም አይታይም። ተማሪዎች አንድ ሜትር ራቅ ብለው ይቁሙ። ጥቂት ደቂቃ ምንም የለም። ቀጥሎ አሸዋው መሐሉ ላይ ጉብ ይላል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀይ ክር የመሰለ ሰም ይወጣል። ከፊሉ ቀዝቃዛውን ውሃ ሲነካ እዚያው ደርቆ እንደ መኮረኒ ቀጭን ቱቦ ይሆናል፤ ቀሪው በቱቦው ውስጥ አልፎ ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሰም ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ እሳቱን አጥፉ። ማሞቁን ከቀጠላችሁ ከሥር የታፈነው ውሃ ፈልቶ የጋለ ሰም ይረጫል።

አሁን መምህሩ ሳይደብቅ መናገር ያለበት ነገር አለ፤ ሰሙ በአንድ ነገር ያሳስታል። ሰም ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ላቫ (ከእሳተ ገሞራ የሚፈሰው ቅላጭ አለት) ግን ከውሃ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይቀራል። 1,100 ዲግሪ ገደማ የጋለው ላቫ ውሃውን ሲነካ ቆዳው ወዲያው መስታወት ይሆናል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ አዲስ እብጠት ይወጣል። እንዲህ እየተደራረበ የትራስ ክምር ይመስላል። የጥርስ ሳሙና ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ መጭመቅ ይህን ከሰም የተሻለ ያሳያል።

ፍንዳታውን ደግሞ አምቦ ውሃ ያስረዳል። ሁለት ጠርሙስ እኩል ነቅንቁ፤ የአንዱን ክዳን ክፈቱ፣ ሌላውን ተዉት። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ አንድ አትሞስፌር ይጨምራል፤ 2,000 ሜትር ላይ የውሃው ክብደት እንደ ተዘጋው ክዳን በላቫው ውስጥ ያለውን ጋዝ አፍኖ ይይዛል፣ ውሃውም ወደ እንፋሎት በቀላሉ አይዘልም። የእሳተ ገሞራው አፍ ወደ ውሃው ገጽ ሲቀርብ ክዳኑ ተከፈተ ማለት ነው። ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በፓሲፊክ ውቅያኖስ በቶንጋ ደሴቶች የፈነዳው የሁንጋ እሳተ ገሞራ አፉ ለውሃው ገጽ ቅርብ ነበር፤ ደመናው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ።

ቢከሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ደፍታችሁ ሰሙንና አሸዋውን በቢላ ለሁለት ክፈሉ። አሸዋውን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ የወጣው ቀይ ግድግዳ የዳይክ፣ ማለትም ቅላጭ አለት ስንጥቅ ሞልቶ የሚሠራው ግድግዳ፣ ምሳሌ ነው፤ መስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ከመሬት ሥር 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም እንዲህ ያለ ስንጥቅ በቅላጭ አለት ተሞልቷል። የተረፈውን ሰም ለሚቀጥለው ክፍል አስቀምጡት እንጂ ቧንቧ ውስጥ አትድፉ፤ ይደፍናል።

ተማሪዎች «በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ጥቁር ድንጋይስ ከባሕር ነው?» ማለታቸው አይቀርም። አይደለም። የወሎ ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሚሠራው ጥቁር ድንጋይ) ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደረቅ መሬት ላይ የፈሰሰ ነው። መንገድ በተቆረጠበት ቦታ በሁለት የባዛልት ንብርብር መካከል ቀይ የተጠበሰ አፈር ካያችሁ፣ አንዱ ፍሰት ቀዝቅዞ አፈር እስኪያበቅል ድረስ ሌላው አልመጣበትም ነበር ማለት ነው። የትራስ ክምርና ጥቁር የመስታወት ቆዳ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ባሕር አልነበረም።