የአርኒስን አንዮ ስናስተምርና የራሳችን ስናደርግ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ፊሊፒንስ በ2009 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ ስፖርቷ ያደረገችው የፍልሚያ ጥበብ አርኒስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በትር በመጨበጥ ነው፤ የባዶ እጅ ትምህርት የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ከካራቴ ወይም ከቴኳንዶ የመጣ ሰው ግን አንዮ የሚባለውን ለብቻ የሚሠራ ተከታታይ እንቅስቃሴ ሲያገኝ በለመደው ዓይን ያየዋል። ብዙው ጥፋት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አንድ የማስተማሪያ መንገድ ብቻ እንዳለ ማሰብ። ሬሚ ፕሬሳስ ካራቴና ጁዶ የተማረ ሰው ነበር፤ ሞደርን አርኒስ የሚባለውን የአርኒስ ስልት ሲያደራጅም ለበትርም ለባዶ እጅም ቅደም ተከተላቸው የታወቀ አንዮዎችን አስገባበት። ካሬንሳ የሚባለው የብቻ ልምምድ ግን የተወሰነ ቅደም ተከተል የለውም፤ ባለበትሩ ተጋጣሚውን በሐሳቡ እየሣለ እንደመጣለት ይሠራል። ቬናንሲዮ ባኮን በ1952 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንሷ ሴቡ ባቋቋመው ባሊንታዋክ በሚባለው የአርኒስ ቤት ደግሞ ትምህርቱ በአብዛኛው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ቆሞ የሚወሰድ ነው። ባኮን መልመጃውን በቋሚ ተራ አልደረደረውም፤ በምድብ ከፋፍለው ለጀማሪ እንዲቀል ያደረጉት እነ ሆሴ ቪላሲንና ቴዎፊሎ ቬሌዝ ናቸው። ሠላሳ ሰልጣኝ በአንድ አዳራሽ ለያዘ አሠልጣኝ አንዮ ይሻለዋል፤ ሁለት ተማሪ ላለው የባሊንታዋክ መንገድ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሳያውቁ መለወጥ። የረሱትን ክፍል በፈጠራ የሚሞሉ ሰልጣኞች አሉ። ይህ መርሳት እንጂ የራስ ማድረግ አይደለም።

ጌጥን እንደ ማሻሻያ መቁጠር። በሁለት በትር የሚሠራውን ሲናዋሊ እንውሰድ። ባለ ስድስት ምቱ ሲጀመር ቀኝ በትር ከትከሻ በላይ ተነሥቶ ይመታል፤ ግራው ከቀኝ ብብት ሥር ወጥቶ ይከተላል፤ ቀኙ ተመልሶ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ከዚያ ጎኑ ይቀየራል። አንዱ ሰልጣኝ መሐሉ ላይ አንድ ዙር ዞሮ በትሩን በጣቶቹ ያሽከረክራል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ሌላው ደግሞ በበትሩ ፋንታ ቦሎ የሚባለውን የፊሊፒንስ ገጀራ ቢይዝ ብብቱ ሥር የሚገባው ስለት የገዛ ክንዱን እንደሚቆርጠው ያስተውልና ያን እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይይዛል። የሁለተኛው ለውጥ ለዓይን አይታይም፤ አንዮውን የራሱ ያደረገው ግን እሱ ነው። በትር ስለት ስለሌለው ብዙ ስህተት ይሸፍናል፤ ስለዚህ ማንኛውንም ለውጥ ከማጽደቃችሁ በፊት «የያዝከው ስለት ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለውድድር መድረክ የሚዘጋጅ ሰው ውበት ቢጨምር አልቃወምም፤ መድረክ የራሱ ሕግ አለው። ያንኑ መልሶ ለጀማሪ «ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው።

ባዶውን እጅ መርሳት። በአንድ በትር ሲሠራ ሌላው እጅ ደረት አካባቢ ይጠብቃል፤ ሥራው በትሩ የመከተውን ሰው የእጅ አንጓ ተከትሎ መያዝ ወይም መግፋት ነው። ሰልጣኙ አንዮውን ለብቻው ሲደጋግም ግን ይህ እጅ ቀስ በቀስ ወደ ጭኑ ይወርዳል። በቃል ማረም ብዙም አይረዳም። የልምምድ ጓደኛው በዝግታ ወደ ሰልጣኙ ጆሮ ግንድ ይሰንዝር፤ ሰልጣኙ ይመክት፤ ጓደኛው ወዲያው ሁለተኛውን ያስከትል። እጁ ወርዶ ከሆነ ሁለተኛውን የሚያቆምለት ነገር አይኖርም፤ ይህን አንዴ ከቀመሰ በኋላ እጁ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብቻን መሥራትና ከሰው ጋር መሥራት በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ቢፈራረቁ መልካም ነው።

የአሠልጣኙን ሰውነት መቅዳት። ጉልበቱን የሚያመው አሠልጣኝ ዝቅ ብሎ አይቆምም። ተማሪዎቹ ያንኑ ከፍ ያለ አቋቋም «የእኛ ቤት ስልት» ብለው ለሌላ ያስተላልፋሉ። አሠልጣኙ የትኛው እንቅስቃሴ ከአንዮው፣ የትኛው ከራሱ ጉልበት እንደመጣ አስቀድሞ ይናገር። ግራኝ ተማሪም ሁሉንም በቀኙ እንዲሠራ አይገደድ፤ በግራው ሠርቶ ማዕዘኖቹ ከቀኝ እጀኛ ጓደኛው ጋር እንዴት እንደሚገጥሙ ይፈትሽ።

ሁልጊዜ ፊት ለፊት ቆሞ ማሳየት። ጀማሪ የሚያየውን እንደ መስታወት ይቀዳል፤ አሠልጣኙ በቀኙ ሲመታ እሱ በግራው ይመታል። ስለዚህ አዲስ አንዮ ሲጀመር ጀርባን ለተማሪዎች ሰጥቶ መሥራት ይቀላል። ረዳት ካለ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይቁም፤ መስመሩ ሲዞር ተማሪው አይቶ የሚከተለው ሰው አያጣም።