ፕሮክስሞክስ ላይ ማሽኑ ይታያል፣ ግን አይነሳም

ፒያሳ ያለው ቢሯችን ሰርቨሮቹን የሚያንቀሳቅሰው በፕሮክስሞክስ ነው፤ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። ሁሉም ሰው በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው አካውንት) መግባቱ ቀርቶ ለእያንዳንዱ የራሱን አካውንት ከፈትን። ግድ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽን ያስነሳው ሁሉ ሎጉ ላይ ሩት ተብሎ ከተመዘገበ፣ ማን ምን እንደነካ አይታወቅም።

አካውንቶቹን በፒቪኢ ሪልም፣ ማለትም በራሱ በፕሮክስሞክስ የመግቢያ ዓይነት አደረግናቸው። ፓም የሚባለው የሊኑክሱ መግቢያ ከተመረጠ ያው ተጠቃሚ ሊኑክሱም ላይ መኖር አለበት። ከዚያ ግሩፕ ፈጥረን፣ የሂሳብ ክፍሉን ማሽኖች በያዘው ፑል (የማሽኖች ስብስብ) ላይ ፒቪኢቪኤምዩዘር የሚለውን ሮል (የመብቶች ጥቅል) ሰጠነው። ማብራት፣ ማጥፋት፣ ኮንሶል መክፈት፣ ባክአፕ መውሰድ ይበቃቸዋል። አድሚኒስትሬተርን ለሁሉም ማደል አልፈለግሁም፤ አሁንም አልፈልግም።

ከአንዷ ባልደረባችን በስተቀር ለሁሉም ሠራ። እሷ ማሽኖቹን ታያለች፣ የማስነሻው ቁልፍ ግን አይጫንም። ፓስዎርድ ቀየርን፣ ብሮውዘር ቀየርን፤ ወይ ፍንክች!

ፍንጩ የተገኘው ዳታሴንተር፣ ፐርሚሽንስ፣ ዩዘርስ ውስጥ ገብቼ፣ ስሟን መርጬ ፐርሚሽንስ የሚለውን ስጫን ነው። አንድ ሰው በትክክል ምን መብት እንዳለው እዚያ ይታያል። እሷ ያላት የማየት መብት ብቻ ነበር። ለካ ድሮ ለሪፖርት ተብሎ በዚያው ፑል ላይ በስሟ ፒቪኢኦዲተር የሚባለው ማየት ብቻ የሚፈቅድ ሮል ተሰጥቷት ኖሯል። ፕሮክስሞክስ ደግሞ በአንድ ቦታ ላይ በግል የተሰጠ ሮል ካገኘ፣ የግሩፑን ትቶ የግሉን ነው የሚይዘው። ሁለቱን አይደምርም።

በስሟ ያለውን መስመር አጠፋሁት። ቁልፉ ሠራ። አሁን ሮል የምንሰጠው ለግሩፕ ብቻ ነው።