ሲያትል ያላችሁ ሐበሾች፣ ላይብረሪውን ለራሳችሁም ተጠቀሙበት

እዚህ ሲያትል ብዙዎቻችን ላይብረሪ የምንሄደው ልጅ ለማድረስ ነው፣ ልጆቹ መጽሐፍ ሲያገላብጡ እኛ ጥግ ይዘን ስልካችንን እንጎረጉራለን። ኧረ ለአዋቂም የተዘጋጀ ስንት ነገር አለ እኮ! ታክስ እየከፈልንበት ነው ደግሞ።

መጀመሪያ ካርድ። ከተማው ውስጥ የምትኖሩ፣ የምትሠሩ ወይም የምትማሩ ከሆነ የሲያትል ፐብሊክ ላይብረሪ ካርድ በነፃ ነው፣ ኦንላይን ጀምራችሁ አድራሻ የሚያሳይ ነገር ይዛችሁ መሄድ ነው። ሬንተን፣ ተክዊላ፣ ኬንት ያላችሁ ደግሞ የእናንተ የኪንግ ካውንቲ ላይብረሪ ሲስተም ነው፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው ግን አንዱ የሌላውን ነዋሪ ስለሚቀበል ሁለቱንም ካርድ ያዙ፣ አንዱ ጋ ወረፋው አልደርስ ያለ መጽሐፍ ሌላው ጋ ቶሎ ሊደርሳችሁ ይችላል። ቅጣት ፈርታችሁ የተዋችሁትም ካላችሁ፣ ሲያትል ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ መጽሐፍ ላዘገየ ሰው ቅጣት የለም። ጭራሽ ካልመለሳችሁ ግን ዋጋውን ይጠይቋችኋል፣ እሱ ሌላ ነው።

የፈለጋችሁት መጽሐፍ ሌላ ቅርንጫፍ ከሆነ ሆልድ አድርጉት፣ ማለት ይያዝልኝ በሉ፣ ሰፈራችሁ ድረስ ያመጡላችኋል። ሆልድ መደርደሪያ ላይ ስትፈልጉ ታዲያ በራሳችሁ ስም እየፈለጋችሁ አትድከሙ፣ የሚደረደረው በላስት ኔም ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ላስት ኔም ላይ የገባው የአያት ስም ነው። "መጣ ብለው ቴክስት ልከውልኝ መጽሐፉ የለም" የሚባለው ግማሹ ከዚህ ነው።

እንግሊዝኛ ማውራት ለሚያስፈራችሁ ቶክ ታይም የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ክፍያ የለውም፣ ፈተና የለውም፣ ክብ ሠርቶ ማውራት ነው። ከጓደኛ ጋር ከሄዳችሁ ተለያይታችሁ ተቀመጡ፣ አለዚያ በአማርኛ ስታወሩ ሰዓቱ ያልቃል። ዳውንታውን ያለው ሴንትራል ላይብረሪ በፎርዝ አቬኑ በኩል ስትገቡ ሌቭል 1 ላይ እንግሊዝኛ ለሚማሩና በሌላ ቋንቋ ለሚያነቡ የተለየ ክፍል አለ፣ ወለሉን ዝቅ ብላችሁ እዩት፣ እንጨቱ ላይ በ11 ቋንቋ የመጽሐፍ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ተገልብጠው ተቀርጸዋል፣ እግር ስር ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል።

ሲትዝንሺፕ ለምታጠኑ፣ ክላስ ያለበትን ቅርንጫፍ ካሌንደሩ ላይ እዩ ወይ ዴስኩ ላይ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ፎርሙን ያስገባችሁት ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ከሆነ ፈተናው አዲሱ ነው፣ 128 ጥያቄ ታጠናላችሁ፣ እስከ 20 ይጠይቋችኋል፣ 12 መመለስ አለባችሁ። ከዛ በፊት ያስገባ በድሮው ነው፣ ከ100ው 10 ይጠየቃል፣ 6 ከመለሰ አለፈ። መደርደሪያ ላይ የድሮው የማጥናት መጽሐፍ ሊኖር ስለሚችል የታተመበትን ዓመት ሳታዩ አትውሰዱ። እናት አባቶቻችን 65 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 20 ዓመት ከቆዩ የሚያጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው፣ በአማርኛም ይፈተናሉ።

አሁን ወደ ንባቡ። እኔ ሰው ሁሉ እንዲያውቅ የምፈልገው ይሄን ነው፦ ዴስኩ ጋ ያለው ሰው መጽሐፍ መምረጥ ሥራው ነው። "ጥሩ መጽሐፍ አለ?" ብትሉት ግን ምን ያድርግ፣ እንደዛ ሲባል ማንም ግራ ይገባዋል። ናንሲ ፐርል የምትባል የዚሁ ላይብረሪ ስመ ጥር ባለሙያ የነበረች ሴት፣ ሰው ወደ መጽሐፍ የሚገባው በአራት በር ነው ትላለች፦ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕሪው፣ ቦታው ወይ ቋንቋው። ስለዚህ መጨረሻ የወደዳችሁትን መጽሐፍ (የአማርኛም ይሁን፣ ፊልምም ቢሆን ችግር የለውም) በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩት፣ ምኑን እንደወደዳችሁትም ጨምሩ። "ሰውዬው ውስጡ ምን እንደሚያስብ የሚያሳይ እወዳለሁ፣ ጦርነት አልፈልግም፣ እንግሊዝኛው ቀለል ይበል፣ ምዕራፉ አጭር ይሁን" ካላችሁት ሦስት አራት መጽሐፍ ይዞላችሁ ይመጣል። ፊት ለፊት ማውራት ከከበዳችሁ የላይብረሪው ዌብሳይት ላይ ጠይቁ፣ ተረጋግታችሁ ትጽፋላችሁ፣ ጎግል ትራንስሌትም ከጎናችሁ አለ፣ ማን ያያችኋል።

ይህቺው ናንሲ ናት በ1998 ከተማው በሙሉ አንድ መጽሐፍ ቢያነብስ ብላ የጀመረችው፣ አሁን ሲያትል ሪድስ ይባላል፣ ቅርንጫፎች ላይ ውይይት ይደረጋል። በ2008 የተመረጠው ደግሞ የማን መሰላችሁ፣ አዲስ አበባ የተወለደው የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልቦለድ The Beautiful Things That Heaven Bears፣ ዲሲ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ስለሚሠራ ሐበሻ ነው። በእንግሊዝኛ ለመጀመር እኔ እሱን እመክራለሁ፣ ሰዎቹን ስለምታውቋቸው ያልገባችሁን ቃል ዘላችሁ ብታነቡ እንኳ አትጠፉም። ወፍራም መጽሐፍ መርጣችሁ ተስፋ ከመቁረጥ ይሻላል።

የአማርኛ መጽሐፍ ስትፈልጉ ርዕሱን በላቲን ፊደል መጻፍ ያደክማል፣ ካታሎጉ የሚጽፍበት መንገድ እኛ ቴክስት ላይ ከምንጽፈው ይለያል፣ ለምሳሌ "ቀ"ን በኪው (q) ነው የሚጽፈው። ዝም ብላችሁ ቋንቋ የሚለው ማጣሪያ ላይ አማርኛን ምረጡና ያለውን አስሱ። የምትፈልጉት ከሌለ እንዲገዛ ሐሳብ ማቅረቢያ ፎርም አለ፣ ሙሉት፣ ካልጠየቅን ማን ይገዛልናል።

ኡበርና ትራክ የምትነዱ ደግሞ ሊቢ የሚባለውን አፕ አውርዳችሁ የካርድ ቁጥራችሁን አስገቡ፣ ኦዲዮቡክ በነፃ ነው፣ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ተራኪው ከፈጠነባችሁ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ኤርፖርት ፓርኪንግ ተራ ስትጠብቁ ስንት ምዕራፍ ይሄዳል መሰላችሁ።

የጀመራችሁት ካልጣማችሁ አትታገሉ። እዚህም ናንሲ ሕግ አላት፣ ዕድሜያችሁ እስከ 50 ከሆነ 50 ገጽ ሞክሩት፣ ከ50 ካለፋችሁ ዕድሜያችሁን ከ100 ቀንሱና የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ስጡት፣ 62 ዓመት የሞላው ሰው 38 ገጽ ማለት ነው። ከዛ መልሱትና ለዴስኩ ሰውዬ ለምን እንዳልወደዳችሁት ንገሩት፣ ቀጥሎ የሚሰጣችሁ ይሻላል።