ብርቅዬ የአሜሪካ መኪኖች ስንት ተሠሩ? ግምቱን የሚያበላሹ ስህተቶች

«የተሠራው 14 ብቻ ነው» የሚል የሽያጭ ማስታወቂያ ሲነበብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት 14 ምን እንደሆነ ነው። ሞተር ነው? የፋብሪካ ትእዛዝ ነው? ወይስ ተገጣጥሞ የወጣ መኪና? በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዴትሮይት ያወጣቻቸውን ባለ ጉልበት መኪኖች ብዛት የሚገምቱ ሰዎች ይህን ሳይለዩ ስለሚቆጥሩ ነው በብዛት የሚሳሳቱት።

ሞተሩን እንደ መኪና መቁጠር

የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ኤልኤስ6 ብዛት ሲነሳ 4,475 ይባላል። ቁጥሩ ግን ኤልኤስ6 የተባለው የ454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ብዛት ነው፤ ከኋላ ጭነት የምትይዘውን ኤል ካሚኖንም ይጨምራል፤ ባለ ታጣፊ ጣሪያዎቹን ለይቶ አያሳይም። የ1969 ካማሮ ኮፖ 9561 (ኮፖ በፋብሪካው ዋና ቢሮ በኩል የሚታዘዝ ልዩ ትእዛዝ ነው) ላይም 1,015 የሚለው የተገኘው ኤል72 ሞተሮች ላይ ከተመቱት ኮዶች ነው፦ ኤምኤን 822 (ባለ አራት ማርሽ ማኑዋል)፣ ኤምኦ 193 (ኦቶማቲክ)። የተሠራ ሞተር ሁሉ መኪና ላይ ተገጥሟል ብሎ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። እንዲህ ያለ ቁጥር «ከዚህ አይበልጥም» ለማለት ይጠቅማል እንጂ የመኪና ቆጠራ አይደለም።

መቶኛን በመቶኛ ማባዛት

ይህ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ስሌቱ ንጹሕ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያምነዋል። የ1970 ፕሊማውዝ ኩዳን እንውሰድ። 426 ሄሚ ሞተር የተገጠመላቸው 666 ናቸው። በዚያ ዓመት ከተሠሩት ኩዳዎች ሁሉ ታጣፊ ጣሪያ የነበራቸው 3 በመቶ ገደማ ናቸው። የ666 3 በመቶ 20 ይመጣል፤ በመዝገብ የሚታወቀው ግን 14 ነው። ከ40 በመቶ በላይ የተጋነነው ለሄሚ ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ገዥ በአብዛኛው ቀለል ያለና ጠንካራ አካል ስለሚፈልግ ነው። ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና ከሥር ማጠናከሪያ ብረት ይጨመርላታል፣ ትከብዳለች፣ ዋጋዋም ይበልጣል። ሁለቱ ምርጫዎች እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ መቶኛቸው አይባዛም።

አንዳንዴ ማባዛቱ ጭራሽ ያልነበረ መኪና ይፈጥራል። የ1967 ካማሮ ዜድ28 (602 ተሠርተዋል) በቋሚ ጣሪያና በማኑዋል ካምቢዮ ብቻ ነበር የሚታዘዘው። ከማስላት በፊት ፋብሪካው አብረው እንዳይታዘዙ የከለከላቸውን ነገሮች ማወቅ ግድ ነው።

ተከታታይ ቁጥርን በደፈናው መጠቀም

የሻንሲ ቁጥር በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩ መኪኖች ሁሉ የሚጋሩት ሰልፍ ነው፤ ኖርዉድ ኦሃዮ ውስጥ ዜድኤል1 (ባለ አሉሚኒየም የውድድር ሞተር) ካማሮ የወጣችው ከተራዎቹ ካማሮዎች ጋር ተደባልቃ ነው። ከዚያ የአንዱን ዓይነት ብዛት ማውጣት አይቻልም። ለብቻው የተቆጠረ ሲገኝ ግን ጥሩ ስሌት አለ፦ ከተገኙት ትልቁን ቁጥር ይያዙ፣ ለናሙናው ብዛት ያካፍሉት፣ ድርሻውን በትልቁ ቁጥር ላይ ይደምሩና 1 ይቀንሱ።

ቦስ 429 ሙስታንግ ለዚህ ይመቻል፤ ለፎርድ በሚሠራው ካር ክራፍት ወርክሾፕ «ኬኬ» የሚባል የራሷ ተከታታይ ቁጥር ይሰጣት ነበርና። ቁጥሩ የሚጀምረው ግን ከ1201 ነው። ለምሳሌ 9 ቁጥሮች ተሰብስበው ትልቁ 2410 ቢሆን፣ መጀመሪያ 1200 ይቀነሳል። 1210 ሲደመር 134 ሲቀነስ 1፣ ውጤቱ 1,343 ይሆናል፤ በሰፊው ከሚጠቀሰው (በ1969 859፣ በ1970 499) ብዙም አይርቅም። መነሻውን የዘነጋ ሰው ግን 2,677 ብሎ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም።

የውድድር ደንብን እንደ ምርት መውሰድ

የአሜሪካው የመኪና ውድድር ማኅበር ናስካር ለመወዳደር 500 መኪና እንዲሠራ ስለጠየቀ ዶጅ ዴይቶና 500 ተሠራ ማለት አይደለም፤ የሚጠቀሰው 503 ነው። ዜድኤል1 ካማሮም ለድራግ ውድድር 50 ይበቁ ነበር፤ 69 ተሠሩ።

አገርና የሞዴል ዓመት

የ1971 ሄሚ ኩዳ ባለ ታጣፊ ጣሪያ አንዱ ጋ 7፣ ሌላው ጋ 11 ይባላል። 7ቱ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ብቻ ናቸው። የሞዴል ዓመትም ከጥር እስከ ታኅሣሥ አይሄድም።

የተረፈውን ከተሠራው ማምታታት

የሁለት ክለቦችን መዝገብ አስተያይቶ (የአንዱን ብዛት በሌላው አባዝቶ፣ በሁለቱም ለተገኙት በማካፈል) የሚወጣው ዛሬ በሕይወት ያሉት ግምት ነው። የተጋጨውና የተቆራረጠው እዚያ የለም። ሞተር ተቀይሮላቸው ብርቅዬ መስለው የተመዘገቡ ተራ መኪኖች ግን አሉ፤ እነሱ ሳይለዩ ቢቆጠሩ ግምቱ ያብጣል።

ሰነዱን ሳያዩ መገመት

ለፎርድ ከ1967 ወዲህ ማርቲ ሪፖርት፣ ለፖንቲያክ ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የመኪናውን ዝርዝር ከፋብሪካው መዝገብ አውጥተው ይሰጣሉ፤ እዚህ መገመት አያስፈልግም። በክራይስለር የሻንሲ ቁጥሩ አምስተኛ ፊደል ሞተሩን ይናገራል፤ በ1970 «R» (አር) ከሆነ ሄሚ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ፓራፋንጎ ላይ የምትታየው ቆርቆሮና ከሴዲያ ስፕሪንግ ውስጥ የሚገኘው የፋብሪካ ወረቀት ያንኑ ማረጋገጥ አለባቸው። ሼቭሮሌት እስከ 1971 ድረስ ሞተሩን ሻንሲ ቁጥር ላይ አልጻፈም፤ ስለዚህ የሼቭሮሌት ግምት ሁልጊዜ ሰፋ ያለ ልዩነት ይዞ መቅረብ አለበት።

«በዓለም ላይ አንድ ብቻ»

ቀለሙ፣ ሬዲዮው፣ የወንበሩ ልብስ፣ የኋላ አክስሉ የጥርስ ምጣኔ እየተደረደሩ ሲሄዱ ተራ መኪናም አንድ ብቻ ይሆናል። ሻጩ የቆጠራቸውን ዝርዝር ተቀብሎ፣ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የጣሪያውን ዓይነት ብቻ አስቀርቶ እንደገና ማስቆጠር ነው።