የሁዳዴን አላርም አታጥፉት

ከፋሲካ በኋላ ጸሎቱም ንባቡም እንደ ዶሮ ወጡ ለሚያልቅባችሁ (እኔም እንደዛው ነበርኩ) አንዲት ነገር ልንገራችሁ። በሁዳዴ ለቅዳሴ ብላችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሞላችሁትን የስልክ አላርም አታጥፉት፣ ስሙን ብቻ ቀይሩና ሲጮህ ከሐዋርያት ሥራ አንድ ምዕራፍ አንብቡ። 28 ምዕራፍ ስለሆነ በ4 ሳምንት ያልቃል፣ ከዳግም ትንሣኤ (ከፋሲካ ቀጥሎ ካለው እሑድ) ማግስት ብትጀምሩም ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ትጨርሱታላችሁ።

የሚሠራው ለምን መሰላችሁ፣ 55 ቀን ሙሉ ሰውነታችሁ ያችን ሰዓት ለምዷታል፣ አዲስ ልማድ ከዜሮ አትጀምሩም ማለት ነው። ደግሞ ምዕራፍ 3 ላይ ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ሲወጡ ሰዓቱ 9 ነው፣ እዛ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ ጣና ዳር ከዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የማነበው፣ ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት ቤት አያስቀምጥማ። ያነበባችሁትን በዛው ቀን ለአንድ ሰው አድርጉት፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅም ይሆናል።

ብቻ በቁጭት ተነስታችሁ ጾም እንዳትጨምሩበት፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም ስግደትም የለም። ባጃጅ የምትነዱ ደግሞ መጀመሪያ ዳር ያዙ እንጂ እየነዳችሁ እንዳታነቡ አደራ።